የሐዋሳ ቆሮሶ ለብልጭልጭ ለምን አይሸነፍም?

አሜሪካውያን ባስ የሚሉትን ዓሣ ሲያጠምዱ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። በክሩ ጫፍ ላይ ትል የለም፤ ያለው ትንሽ ዓሣ የሚመስል ፕላስቲክ ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። አጥማጆቹ ይህን ማታለያ እንደ ወቅቱ ይቀያይራሉ። ብርዱ አልፎ ውሃው ሞቅ ሲል ባስ ለመራባት ወደ ዳር ስለሚወጣ ዳር ዳሩን ይወረውራሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ዓሣውን ተከትለው ወደ ጥልቁ ያወርዱታል።

ታዲያ ያንኑ ብልጭልጭ ይዛችሁ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ብትወርዱስ? ቆሮሶ ዞር ብሎም አያያችሁም! ባስ አዳኝ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ይዘላል። ቆሮሶ ግን በዋናነት የሚመገበው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎችን ነው። ሣር ለሚግጥ በሬ ሥጋ ቢያሳዩት ምን ይሠራለታል? እኔን ብትጠይቁኝ የሐይቁ የዓሣ ማጥመድ ታሪክ ግማሹ የሚፈታው በዚህች ነጥብ ነው።

ሐዋሳ ላይ መንጠቆ በደንብ የሚሠራው ለአምባዛ ነው። አምባዛ ያገኘውን የሚበላ፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ዓሣ ነው። ስለዚህ አጥማጁ በረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አስሮ፣ በየመንጠቆው የዓሣ ቁራጭ ሰክቶ፣ ማታ ጥሎት ያድራል። ለቆሮሶ ግን መረብ ግድ ነው።

መረቡ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። የአካባቢው የሲዳማ ሕዝብ ኑሮ ከጥንትም በእንሰትና በከብት ላይ የቆመ ነበር። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን ዓሣ የሚገዛ ሕዝብ በዛ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድም ገበያውን አሰፋው። ዛሬ አሞራ ገደል ጠዋት ብትሄዱ መረብ የሚፈቱ፣ ዓሣ የሚያርዱ፣ ጥብስና ሾርባ የሚሸጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ትርፍራፊውን የሚጠብቁት አባ ኮዳዎችም አይጠፉም (እነሱ እንኳ ያለ ምንም ማጥመጃ ጠግበው ነው የሚውሉት)።

አሁን ወደ ወቅት እንመለስ። የባስ አጥማጅ ወቅቱን የሚያውቀው በውሃው ሙቀት ነው። የሐዋሳ ውሃ ግን ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ስለሆነ ገበያው ወቅቱን የሚቆጥረው በሌላ ነገር ነው፦ በሁዳዴ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሥጋ በማይበላባቸው በእነዚያ ሳምንታት የዓሣ ፈላጊው በጣም ይጨምራል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓሣውም የራሱ ወቅት አለው። የሐዋሳ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ቢችልም በዓመት ሁለት ጊዜ በብዛት ይራባል፤ አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የበጋ ጊዜ አካባቢ፣ ሌላው በክረምት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ ሁሉንም በአፏ ለቅማ ይዛ ትፈለፍላለች። ልጆቿ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ዳር ላይ የሚጎተት መረብ ታዲያ ጉድጓዱንም፣ እናቲቱንም፣ ጫጩቶቹንም አንድ ላይ ጠራርጎ ይሄዳል።

ይህ ሁለቴ መራባት በራሱ በዓሣው አካል ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ደምሴን ከበደን ሳትሉ ዕድሜውን ዓሣውን ራሱን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ድንጋይ አለች፣ እንደ ዛፍ ግንድም ቀለበት ትሠራለች። በብርዳማ አገሮች ብዙ ዓሦች በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራሉ። ደመቀ አድማሱ ከካናዳዊው ተመራማሪ ከካሰልማን ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ግን የሐዋሳ ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚሠራ አሳዩ። ይህን የማያውቅ ሰው የሁለት ዓመቱን ዓሣ የአራት ዓመት ነው ይለዋል፤ በዚያ ስሌት ዓሣው ቀስ ብሎ የሚያድግ ይመስላል፣ ምን ያህል ቢጠመድ ይተካል የሚለው ግምትም ይሳሳታል።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማጥመድን በሕግ ሥር አስገብቷል። ሁዳዴ ግን በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል፤ ፋሲካ ቀደም በሚልበት ዓመት የገበያው ግርግርና የቆሮሶ መራቢያ ይበልጥ ይደራረባሉ።