ኩኝዋ እና ኩሜዛ፦ በናይሮቢ ለመጠጣትና ለመዋጥ የሚያገለግሉ የስዋሂሊ ቃላት

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር፣ አዲስ ገቢ ቶሎ ከሚለምዳቸው የስዋሂሊ ቃላት መካከል 'ማጂ' (ውሃ)፣ 'ቻይ' (ሻይ) እና 'ካሃዋ' (ቡና) ይገኛሉ። ስሞቹ አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት ግሶቹ ናቸው፤ መዘዛቸውም ከሻይ ቤት ይልቅ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይበረታል።

መጠጣት 'ኩኝዋ'፣ መዋጥ 'ኩሜዛ' ይባላል። መነሻው 'ኩ' በአማርኛ 'መጠጣት' ላይ 'መ' የምትሠራውን ይሠራል፤ በትእዛዝ ጊዜም ስለሚወድቅ "ዋጥ" ለማለት 'ሜዛ' ይበቃል። 'ኝዋ' ግን አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆነ 'ኩ'ን አይለቅም፤ "ጠጣ" ሲባልም 'ኩኝዋ' ነው። "አትጠጣ" 'ኡሲኝዌ'፣ "አትዋጥ" 'ኡሲሜዜ' ይሆናል። በስዋሂሊ አንተና አንቺም ሆነ እርስዎ አይለዩም። አክብሮት የሚገለጸው በሌላ መንገድ ሲሆን፣ ውሃ የሚፈልግ ሰው 'ናኦምባ ማጂ' ቢል ጨዋ ነው፤ 'ናኦምባ' ቃል በቃል "እለምናለሁ" ማለት ነው።

በአማርኛ ጥማት ራሱ አድራጊ ነው፤ "ውሃ ጠማኝ" እንላለን። ስዋሂሊ ተናጋሪው 'ኒና ኪዩ'፣ "ጥማት አለኝ" ይላል። ስፔንኛም እንዲሁ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ 'ኩኝዋ ዳዋ' የሚለው አነጋገር ጥንቃቄ ይሻል። 'ዳዋ' ለአማርኛ ሰሚ 'ደዌ'ን ቢያስታውስም ትርጉሙ መድኃኒት ነው። ሐረጉ በጥሬው "መድኃኒት መጠጣት" ይሁን እንጂ የሚያገለግለው ለሽሮፕ ብቻ አይደለም፤ እንክብል መውሰድንም ይጨምራል። ስለዚህ ስለ እንክብል 'ኩኝዋ' የተባለ ታካሚ በውሃ በጥብጦ እንዲጠጣ ታዘዘ ማለት አይደለም። የስፔንኛው 'ቶማር'ም መጠጥንና እንክብልን በአንድነት ይይዛል። እንክብሉ እንዳለ የሚዋጥ ከሆነ 'ሜዛ፣ ኡሲታፉኔ' ("ዋጥ፣ አታኝክ") ይባላል። 'ኩቱዋ ማራ ታቱ' በቀን ሦስት ጊዜ፣ 'ካብላ ያ ኩላ' ከምግብ በፊት፣ 'ባአዳ ያ ኩላ' ከምግብ በኋላ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ ኢትዮጵያው ከንጋት ስለሚቆጠር 'ሳአ ምቢሊ' ያው የእኛ 2 ሰዓት ነው። ነገር ግን ኬንያውያን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ያንኑ ሰዓት 8 ይሉታል። በመድኃኒት ዕቃ ላይ 8 ተብሎ ቢጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነውና።

ሲውጥ ጉሮሮው የሚያመው ሰው ለሐኪም 'ኮኦ ሊናኡማ ኒኪሜዛ' ይላል። ሲጠጣ ትን ያለው ሰው ደግሞ 'አሜፓሊዋ' ይባላል። አማርኛ መጎንጨትን ከጉንጭ እንዳወጣው ሁሉ፣ በስዋሂሊም ጉንጭን የሚነፋ ሙሉ ጉርሻ ወይም ጉንጭት 'ፉንዳ' ይሰኛል።

'ሜዛ' ሌላም ትርጉም አላት፦ ጠረጴዛ። ግሱ የባንቱ ሲሆን ስሙ ግን ከፖርቹጋልኛ የተወሰደ ነው፤ በስፔንኛም ጠረጴዛ 'ሜሳ' ይባላል። ቫስኮ ዳ ጋማ ወደዚህ የባሕር ዳርቻ የደረሰው በ1498 ሲሆን፣ ፖርቹጋሎች በ1590ዎቹ በሞምባሳ የገነቡት ፎርት ጂሰስ በ1698 በኦማኖች እጅ ወድቋል። ቃሉ ግን እዚያው ቀርቶ ናይሮቢ ገብቷል።

ምራቅ መዋጥም በሁለቱ ቋንቋዎች ተራርቋል። በአማርኛ "ምራቁን የዋጠ" የበሰለና የሰከነ ሰው ነው። በስዋሂሊ 'ኩሜዜያ ማቴ' አንድን ነገር ምራቅ እስኪዋጥ መመኘት ነው፤ የስፖርት ዘጋቢዎች አንድ ክለብ ተጫዋች ሲቋምጥ ይጠቀሙበታል። አንድን ኬንያዊ ሽማግሌ ለማመስገን ሐረጉን ቃል በቃል መተርጎም አይመከርም።