የምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ በድሬዳዋ

የምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ የፖለቲካ ፓርቲዎችና የግል ዕጩዎች የመራጩን ድምፅ ለማግኘት የሚሰበስቡትና የሚያወጡት ሀብት ነው። ጥሬ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን በዓይነት የሚሰጥን ድጋፍም ይጨምራል። በድሬዳዋ ጉዳዩ የሚመራው በፌዴራል ሕግ ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

ዳራ

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተመሠረተች የንግድ ከተማ ናት። በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር ሲሆን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ነዋሪዎቿ ለከተማው ምክር ቤት 189፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 2 አባላትን ይመርጣሉ። ከንቲባው የሚመረጠው በምክር ቤቱ ነው። መሬት፣ የንግድ ፈቃድና የከተማ ግብር በአስተዳደሩ እጅ ስለሚገኙ፣ ተመራጮች በማን ገንዘብ እንደተወዳደሩ ማወቅ ለነጋዴውም ለነዋሪውም ትልቅ ትርጉም አለው።

የሕግ ማዕቀፍ

የፓርቲዎች ገንዘብ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 573/2000 ይመራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ተክቶታል። አዲሱ አዋጅ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልል ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላትን ይጠይቃል።

የፓርቲ ዋና የገቢ ምንጮች የአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን የሚገኝ ስጦታና የመንግሥት ድጋፍ ናቸው። ከውጭ መንግሥታት፣ ከሃይማኖት ድርጅቶችና ምንጩ ካልታወቀ አካል ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ፓርቲ በንግድ ሥራ መሰማራት አይችልም። ሒሳቡን በኦዲተር አስመርምሮ ለቦርዱ ማቅረብም ግዴታው ነው።

ገዥ ፓርቲና የመንግሥት ሀብት

በተግባር ከስጦታ ይልቅ ለቁጥጥር የሚያስቸግረው የፓርቲና የመንግሥት ድንበር ነው። የመንግሥት ተሽከርካሪ፣ የቀበሌ አዳራሽና የሠራተኛ የሥራ ሰዓት ለአንድ ፓርቲ ቅስቀሳ ሲውሉ፣ ወጪው በማንኛውም ፓርቲ መዝገብ ላይ ሳይታይ ይቀራል። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ከአባል ድርጅቶቹ ጋር የተያያዙት ኢንዶውመንቶች፣ እንደ ትእምትና ጥረት ያሉት፣ ዋነኛ የክርክር ርዕስ ነበሩ። በሕግ የፓርቲ ንብረት ባይሆኑም፣ ተቺዎች ለገዥው ግንባር ተፎካካሪዎቹ የሌላቸውን የኢኮኖሚ ጉልበት ይሰጣሉ ይሉ ነበር።

የሕዝብ አመኔታ

በድሬዳዋ አመኔታን የሚፈታተነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በኢሕአዴግ ጊዜ ሥልጣን 40-40-20 በሚባል ቀመር ይከፋፈል ነበር፤ ለኦሮሞና ለሶማሌ ወገን 40 በመቶ እያንዳንዳቸው፣ ለሌሎች ነዋሪዎች ደግሞ 20 በመቶ። ደጋፊዎቹ ቀመሩን የሰላም ዋስትና ሲሉት፣ ተቃዋሚዎቹ ድርሻው ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ተወስኗል በማለት ይነቅፉታል። በጥር 2011 ዓ.ም. በከተማዋ በተነሳው ተቃውሞ ቀመሩ ይሻር የሚል ጥያቄ ተሰምቷል። ወንበሩ አስቀድሞ የተደለደለ የሚመስለው መራጭ፣ የቅስቀሳ ሒሳብ በትክክል ቢመረመርም ድምፄ ለውጥ ያመጣል ብሎ ለማመን ይቸገራል።

አዲሱ አዋጅ በሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። በአገር አቀፍ ደረጃ ውጤታቸው በሐምሌ ከተገለጸው 436 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አግኝቷል።

ንጽጽር

ጎረቤት ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. የቅስቀሳ ገንዘብ ሕግ ብታወጣም፣ የወጪ ጣሪያው በ2017ቱ ምርጫ ሥራ ላይ አልዋለም። ይህም ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የፓርቲ ሒሳብም ለቁጥጥር የሚቀርበው በዚሁ መንፈስ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርባት ድሬዳዋ ግን ሪፖርት አመኔታን የሚያተርፈው፣ ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ አንብቦት ሊጠይቅበት ሲችል ነው።