ሆድ ሳይከፈት የተዘጋ አንጀትን ማስተንፈስ

ነቀርሳ የዘጋው አንጀት ለረጅም ዘመን ያለ ቢላዋ መፍትሔ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1776 ፈረንሳዊው ፒዮር የፊንጢጣ ነቀርሳ ለያዘው የወይን ጠጅ ነጋዴ በሆዱ በኩል የሰገራ መውጫ አበጀለት፤ ታማሚው በ28ኛው ቀን ሲሞት ለሞት ያበቃው አስቀድሞ እንዲውጠው የተደረገው ሜርኩሪ እንጂ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። በ1991 ዶህሞቶ በፊንጢጣ ገብቶ የጠበበውን ስፍራ የሚያሰፋ ቱቦ አስተዋወቀ፤ በ1994 ቴሄሮና ባልደረቦቹ ለቀዶ ሕክምና መሸጋገሪያ አደረጉት። ቱቦው አንጀትን ሊበሳ ስለሚችል፣ ሊድን በሚችል ነቀርሳ ላይ ያስነሣው ክርክር ገና አልበረደም።

ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ወደ ደሴ ለሚላክ ታማሚ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። በአገራችን ትልቁን አንጀት በብዛት የሚዘጋው የሲግሞይድ መጠምዘዝ ነው፤ እርሱም አንጀቱ ካልሞተ፣ ብሩስጎርድ በ1947 እንዳሳየው፣ በፊንጢጣ በሚገባ ተራ ቱቦ ይተነፍሳል። ቀስ በቀስ የባሰ ድርቀት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራና የክብደት መቀነስ ነቀርሳን ያስጠረጥራሉ፤ ይህን ጠይቆ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ታማሚውን መጀመሪያ ያየው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው።