የግዕዝን ፊደል ሳይነካ ያደረሰ መሣሪያ

እንግዲህ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ከቤት ኮምፒውተር ተነሥቶ፣ በስልክ ሽቦ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ስለደረሰ የአማርኛ ደብዳቤ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከስኮትላንድ ነው።

አሌክሳንደር ቤይን የሚባል የገበሬ ልጅ ነበረ፤ ሙያው ሰዓት መሥራት። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1843 የጽሑፍን ቅጂ በኤሌክትሪክ ሽቦ ለሚልክ መሣሪያ፣ ማለትም ለፋክስ፣ የፈጠራ መብት ወሰደ። ግርሃም ቤል ለስልክ የፈጠራ መብት ያገኘው መቼ ነው? በ1876። አያችሁ፣ ፋክስ የስልክ ታላቅ ወንድም ነው! ከቤይን በኋላ ጆቫኒ ካሴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ ተነሣ። የእርሱ መሣሪያ በ1865 በፓሪስና በሊዮን መካከል ሥራ ጀመረ፤ የእጅ ጽሑፍና ፊርማ እንዳለ ያስተላልፍ ነበር።

ቴሌግራፍ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። ቴሌግራፍ ፊደሉን ወደ ምልክት ለውጦ ነው የሚልከው፤ ምልክት ያልተሰጠው ፊደል መንገድ የለውም። ፋክስ ግን ፊደል አይለይም፤ የሚያውቀው ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ጃፓኖች ፋክስን አጥብቀው የያዙት ለዚህ ነው፤ በሺህ የሚቆጠረው የካንጂ ጽሕፈታቸው በቴሌክስ (በጽሕፈት መሣሪያ በሚሠራው የቴሌግራፍ ዓይነት) አልሄድ ብሏቸው ነበርና። በ1980 ቡድን 3 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሲጸድቅ፣ ቀድሞ ስድስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አንድ ገጽ በአንድ ደቂቃ ገደማ መድረስ ጀመረ።

ከዚያስ? ከዚያማ በ1990ዎቹ ፋክስ ወደ ቤት ገባ። ሞደም (ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) የተገጠመለት ኮምፒውተር ያለው ሰው የፋክስ ማሽን መግዛት አላስፈለገውም። ዴልሪና የተባለው የቶሮንቶ ኩባንያ ዊንፋክስ የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ሲማንቴክ ኩባንያውን የገዛው በ1995 ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ፕሪንተር ይቀመጣል። ደብዳቤውን ጽፈህ «ፕሪንት» ስትል ወረቀት አይወጣም፤ የስልክ ቁጥር ይጠይቅሃል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ዋሽንግተን ያለ አንድ የአገራችን ሰው አዲስ አበባ ላሉት አባቱ ደብዳቤ ሊልክ ነው እንበል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኢሜይል አማርኛ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ በግዕዝ ቢጽፍ፣ ተቀባዩ ያንኑ ፎንት ካልጫነ የሚያየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። አዛውንት አባት ደግሞ የልጃቸውን ቃል በላቲን ፊደል እየፈቱ እንዴት ያንብቡ? በፋክስ ግን ፎንቱ መኖር ያለበት ላኪው ዘንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ገጹን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ እያንዳንዱን መስመር በ1,728 ነጥቦች ይቆርጠዋል። ለሞደሙ ሀም ሆነ ኘ ያው ነጥብ ነው።

ስልኩ ይደወላል። ላኪው ሞደም በየሦስት ሰከንዱ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ረዘም ባለ ቀጭን ፉጨት ይመልሳል። ሁለቱ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ። መስመሩ ጥሩ ከሆነ በሰከንድ እስከ 14,400 ቢት ይሄዳል፤ ከተረበሸ ወደ 9,600፣ ወደ 4,800፣ እስከ 2,400 ይወርዳል። ፍጥነቱ በወረደ ቁጥር ደቂቃው ይረዝማል፣ የስልኩም ሂሳብ ይከብዳል። ገጹ ሲያልቅ ተቀባዩ ማሽን «ደርሶኛል» የሚል ምልክት ይመልሳል።

ልምድ ያለው ላኪ ግን ጥንቃቄ ያውቃል። ሰ እና ሱ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ገጹ በተራው ጥራት ከሄደ ነጥቦቹ ይሳሳሉ፤ ደቃቅ ፊደል ላይ ጭረቷ ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ፊደሉን ያተልቃል፤ የመስመሩን ብዛት እጥፍ የሚያደርገውን «ፋይን» ይመርጣል። ከኮምፒውተር በቀጥታ የሄደ ገጽ በማሽን ከተነበበ ወረቀት የበለጠ ይጠራል፤ አቧራ የለበትም፣ አልተጣመመም።

ፊርማስ? በዚያን ጊዜ ስካነር ያለው ቤት ጥቂት ነው። ብልሃቱ ይህ ነበር፦ ፊርማህን በነጭ ወረቀት ላይ ትፈርማለህ፣ ከሌላ ቦታ በፋክስ ወደ ራስህ ኮምፒውተር ትልካለህ፣ የደረሰውን ሥዕል ቆርጠህ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ወዲያ በየደብዳቤው ግርጌ መለጠፍ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ዛሬ አማርኛ በየስልኩ አለ፤ ፋክስም ከብዙ ቦታ ወጥቷል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የፋክስ ማሽን እንዳይገዙ ተከልክለዋል። እኔ ግን የምሰጋው ለማሽኑ አይደለም፤ ለደብዳቤዎቹ ነው። ያን ጊዜ ብዙው ተቀባይ ማሽን ያተም የነበረው በሙቀት በሚጠቁር ስስ ወረቀት ላይ ነው፤ ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ይጠፋል። በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከውጭ አገር በፋክስ የመጣ የወላጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ደብዳቤ ካለ ዛሬውኑ አውጡት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ በተራ ወረቀት ላይም ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ጽሑፉ አንዴ ከነጣ በኋላ መመለሱ ያስቸግራል።