የሺንቂጥ አሸዋ እና የእኛ ምስጥ



«ሺንቂጢ» የሚለውን ስም ያልሰማ ደረሳ ጥቂት ነው። «አድዋኡል በያን» የተሰኘውን የተፍሲር ኪታብ የጻፉት ሸይኽ ሙሐመድ አል-አሚን አሽ-ሺንቂጢ በመዲና ብዙ ዑለማዎችን አስተምረው በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ለመሆኑ ይህ ስም የመጣባት ሺንቂጥ ምን ዓይነት ከተማ ናት? ዛሬ አብረን እንዘይራት።

ሺንቂጥ በሞሪታንያ፣ አድራር በሚባለው ድንጋያማ አምባ ምድር ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ዝናብ ብርቅ ነው። ተምር፣ ፍየልና ግመል ነው ኑሮዋ። አሮጌውን ሰፈርና አዲሱን ሰፈር የሚለያቸው ሰፊ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው። አሮጌው ሰፈር ሲገቡ ቤቱም አጥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ ነው። በሩ የግራር እንጨት ነው፤ ቁልፉም ሳይቀር ጥርስ ያለው እንጨት ነው!

መሐል ላይ አሮጌው መስጂድ አለ። ሚናራው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል። በአገራችን በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የምናየው እንቁላል እዚያ በመስጂድ ሚናራ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ያስገርማል።

ታዲያ ይህች መንደር እንዴት ገነነች? መንገድ ላይ ስለነበረች ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሰሐራ ቅፍለት ማረፊያ ሆና አደገች። ከኢጂል የሚቆረጠው የጨው አሞሌ በግመል ወደ ደቡብ ይወርድባት ነበር፤ የእኛ የአፋር አሞሌ ወደ ደጋ እንደሚወጣው ማለት ነው። የሐጅ ተጓዦችም ከየበረሃው እዚያ ተሰብስበው በአንድነት ወደ መካ ይነሱ ነበር። ስለዚህ የምሥራቁ ሰው አገሩን ሁሉ «ቢላድ ሺንቂጥ» ብሎ ጠራው። መንደሯን ረግጦ የማያውቅ የዚያ አገር ዓሊም እንኳ «ሺንቂጢ» ተባለ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአል-አዝሀር ከወደ እኛ የሚሄዱ ደረሶች የሚያርፉበት ሪዋቅ «የጀበርቲዎች ሪዋቅ» ይባል ነበር። ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም (1753–1825) የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ ከእኛ ቀጠና ይመዘዛል። ሺንቂጥና ጀበርት፣ ሁለቱም በደረሶቻቸው እግር ዓለምን የዞሩ ስሞች ናቸው።

ቅፍለቱ ቆመ፤ መንገዱ ተቀየረ፤ ሰዉም ተሰደደ። የቀሩት ኪታቦቹ ናቸው። ዛሬም በሺንቂጥ በየቤተሰቡ እጅ የቆዩ መክተባዎች አሉ። ቁርኣን፣ ሐዲስ፣ ፊቅህ፣ ነሕው፣ የከዋክብት ዕውቀትና ሒሳብ በእጅ የተጻፉባቸው ኪታቦች ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳሉ። በ1996 ዩኔስኮ ሺንቂጥን ከዋዳን፣ ከቲሺትና ከወላታ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

አሸዋው ግን መዝገብ አያውቅም። በየመንገዱ ይከመራል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ደጃፍ ይዘጋል። ኪታቡንም ድርቀቱና ምስጡ ይበላዋል። ወደ ትልቅ ማከማቻ እንውሰድላችሁ ሲባሉ ብዙ ቤተሰቦች እምቢ ይላሉ። አባቶቻችን አማና የሰጡን ለእኛ ነው፤ ከቤት ከወጣ አይመለስም ባዮች ናቸው። ፍርሃታቸውን እንረዳለን። ነገር ግን አማና ማለት ሳጥን ቆልፎ መቀመጥ ብቻ ነው እንዴ?

ይህን የምንጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኛ ራሳችን በምናገለግልበት መስጂድ ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ አንድ የእንጨት ሳጥን አገኘን። አሮጌ ወረቀት መስሎን ከቆሻሻው ጋር ልናቃጥለው ነበር። አንድ አባት «ቆይ!» ብለው ሲከፍቱት፣ ሟቹ ሸይኻችን በደረስነት ዘመናቸው በገዛ እጃቸው የገለበጧቸው ኪታቦች ሆነው ተገኙ። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ከእኛ መሐል ደርቀን ያልቀረን አልነበረም። በሺንቂጥ ጠላቱ አሸዋ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ከምስጡ በፊት ሊያጠፋው የነበረው የእኛው እጅ ነው።

እናንተ ወጣቶች ስልክ በእጃችሁ አለ። በዓል ላይ ወደ አያቶቻችሁ አገር ስትሄዱ ጠይቁ፦ «አባባ፣ የድሮ ኪታብ አለን?» በሉ። ካለ በንጹሕ እጅ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡ። የማን እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው ጻፉበት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ገዢ ነኝ ባይ ቢመጣ አትሽጡ። ኪታቡ በቤቱ ይኖራል፤ ቅጂው ደግሞ አደጋ ቢመጣ መጠባበቂያ ይሆናል። የሺንቂጥ ቤተሰቦች ፍርሃትም የእኛም ስንፍና መድኃኒቱ ይኸው ነው።

አላህ የዑለሞቻችንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።