ርስት የሌለው ነጋዴ፦ ከደሪጣ እስከ ሊዝ ጨረታ



ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግና ደሪጣ ያሉ አባቶቻችን ለምን ነጋዴና ሸማኔ ሆኑ? ብዙዎቻችን «ሙያችን ስለሆነ ነው» እንላለን። ዋናው መልስ ግን መሬቱ ላይ ነው ያለው።

በቤጌምድር መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። የአቅኚው አባት ዘር የሆነ ሁሉ ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ሙስሊሙ ግን በአብዛኛው ከዚህ መብት ውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው አባባልም የዚያው ሥርዓት ቋንቋ ነው።

መሬት የተከለከለ ሰው ሀብቱን በሚንቀሳቀስ ነገር ያኖራል፦ በበቅሎ፣ በጨው፣ በጥጥ፣ በሸማ። ደሪጣ በነጋዴዎቿ የታወቀችው በዚህ መንገድ ነው። ማረስ የፈለገ ደግሞ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ ለልጁ የሚያወርሰው ማሳ ግን የለውም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚከፋፈለው በገበሬ ማኅበር እንጂ በዘር ቆጠራ አልነበረም።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረ። ተከራዩ ኪራይ ቀነሰለት። ገጠር ርስት ስለሌለው የንግድ ትርፉን በከተማ ኪራይ ቤት ያኖረ ሰው ግን ጥሪቱን አጣ።

ዛሬስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ከተማ ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ጨረታንና ምደባን መንገድ አድርጓል። ጨረታው ዘር አይቆጥርም፣ ብር ይቆጥራል። ቤት ሲሸጥም ዋጋው የጭቃና የቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የማይሸጠው ቦታ ዋጋ አብሮ ተደምሮበታል። ስለዚህ ደመወዝተኛውና የቀን ሠራተኛው በሌላ በር ውጭ ቀርተዋል።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ለቁርሾ አይደለም። አባቶቻችን ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዛሬ አላህ የኪራይ ቤት የሰጠን ሰዎች ዋጋ ከመጨመራችን በፊት ደጃችን ያለውን ተከራይ በዚያ ዓይን እንየው።