ከአጥንት መረቅ እስከ ማጊ

ዛሬ ስለ መረቅ ልጻፍ። አዎ፣ መረቅ። የድሮ ተማሪዎቼ «መምህር ደግሞ ከነገሥታቱ ወጥተው ማድ ቤት ገቡ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ያቺ ሱቅ የምትልኳቸው ልጆች «ማጊ» ብለው የሚገዟት ትንሽ ኩብ የድሃን ሆድ በርካሽ ለመሙላት ከተደረገ የሁለት መቶ ዓመት ሙከራ የወጣች ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ ለንደን ውስጥ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ፣ እንፋሎት የሚያፍን ድስት ሠራ። ጠንካራ አጥንት እንኳ በውስጡ ይለሰልሳል፤ የሚጣለው አጥንት ለድሃ ምግብ ይሆናል ብሎ ነው። ድስቱ እንዳይፈነዳም ማስተንፈሻ አበጀለት። የዛሬው ፕሬዠር ድስት አያት ይኼው ነው።

ሐሳቡን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዮች አነሱት። ዳርሴ የተባለው ኬሚስት ከአጥንት ጄላቲን (ያ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር) እያወጣ በፓሪስ ሆስፒታሎች ለበሽተኛ እንዲሰጥ አደረገ። ሥጋ ሳይገዙ ሥጋ ማብላት! ለበጀት ያዢ ከዚህ የበለጠ ምን ደስ ይላል? በሽተኞቹ ግን አልወደዱትም። በመጨረሻ ማዣንዲ የሚመራው የሳይንስ አካዳሚው ኮሚሽን ጄላቲን ብቻ የተመገቡ ውሾች እንደማይበረክቱ በ1841 ዘገበ። ምክንያቱ በኋላ ነው የታወቀው፦ ጄላቲን ሰውነት የግድ የሚፈልገው ትሪፕቶፋን የለውም።

ከዚያ ጀርመናዊው ሊቢግ መጣ። በ1847 የሥጋን ጭማቂ አፍልቶ እንደ ማር የሚወፍር «የሥጋ ጭማቂ» ማድረግን አስተማረ። ለ1 ኪሎ ጭማቂ ወደ 30 ኪሎ ሥጋ ይፈጃል! አውሮፓ ውስጥ የማይሞከር ነው። ኡራጓይ ውስጥ ግን ከብት በዋነኛነት ለቆዳው ይታረድ ነበር፤ ሥጋው ርካሽ ነው። ስለዚህ ፍራይ ቤንቶስ ላይ ፋብሪካ ቆመ፣ በ1865ም የሊቢግ ስም ያለው ኩባንያ ተመሠረተ። ጭማቂው ኃይል ይሰጣል ተብሎ ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሥጋው ፕሮቲን ማለት ይቻላል እንደሌለበት ታወቀ፤ ሊቢግ ራሱም ሥጋን እንደማይተካ አመነ። ገበያው ግን ቀጠለ። ስሙ ተሸጧል እኮ!

አሁን ወደ ስዊዘርላንዳዊው ጁሊየስ ማጊ እንምጣ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይኼ ነው። በ1880ዎቹ የፋብሪካ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሠርተው ሲመለሱ ምግብ የሚያበስሉበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሥጋ ለመግዛትም አቅም የለም። ማጊ፣ ወፍጮ ቤት ነበረውና፣ መልሱን ከጥራጥሬ ፈለገ፦ የአተርና የባቄላ ዱቄት፣ ቶሎ የሚደርስ። ወገኖቼ፣ ይኼ እኮ ሽሮ ነው! (ያለ በርበሬ፣ ምስኪኖች።) ኩቧ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1908 ነው። ዛሬ እኛ ደግሞ ኩቧን ሽሮአችን ውስጥ እንጨምራለን።

በዚያው በ1908 ጃፓን ውስጥ ኪኩናይ ኢኬዳ የሚባል ኬሚስት፣ ከባሕር አረም የሚፈላው የአገሩ መረቅ ለምን እንደሚጥም መርምሮ ግሉታሜትን ለየ። ኩቧ ምላሳችንን «ሥጋ ነው» የምታሰኘው በዚሁ ዓይነት ጣዕም ነው። የቀረው በብዛት ጨው ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለታመመ ሰው ወይም ለአራስ ኩብ በሙቅ ውሃ አሟሙተው «መረቅ ነው፣ ጠጪ፣ ያበረታሻል» የሚሉ ስላሉ ነው። ያሞቃል፣ ይጣፍጣል፤ ምግብ ግን አይደለም። የእናቶቻችን ቅቅል ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ከመረቁ ጋር ሥጋውም፣ ድንቹም፣ ካሮቱም አብሮ ይበላል። አጥንት ብቻ ካላችሁም ቀስ ባለ እሳት ቀቅሉት፣ ቅልጥሙን አትጣሉ፣ ምስር ወይም አተር ጨምሩበት፤ ጥራጥሬው ጄላቲኑ የጎደለውን ይሞላል። ኩብ ከጨመራችሁ ደግሞ ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ።